ለክረምት የተሠራ መጽሐፍ

ሐምሌ ገብቶ ጉና በጭጋግ ከተሸፈነ በኋላ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ሰው ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። ዝናቡ አንዴ ከያዘ አያባራም፤ አንዳንድ ቀን በረዶ ይቀላቅላል፤ ሲያቆምም ብርዱና ጉሙ አይለቅም። ርብና ጉማራ ከተራራው ደፍርሰው ይወርዱና የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቀው ጣና ይገባሉ። እንዲህ ባለው ወቅት ሰው የሚፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፦ እሳት፣ ጋቢ፣ የገብስ ቆሎ፣ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ። ማንበብ ለሚወድ ደግሞ መጽሐፍ።

የክረምት ንባብ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ልብ ወለድ ነው፤ እኔም ክረምት በመጣ ቁጥር እመለስበታለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ የስንቱን ቤት ክረምት እንዳሳጠረ ያነበበው ያውቃል። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» ደግሞ ለደብረ ታቦር አንባቢ የገዛ አገሩ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የታተመ መጽሐፍን በሐምሌ ርጥበት ደጋግሞ የገለጠ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ጀርባውን የያዘው ሙጫ ይለቃል፤ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ፤ የሽፋኑ ጠርዝ ይቆለመማል። ቃሉ ለክረምት እጅግ ተስማምቶ ሳለ አካሉ አልተዘጋጀለትም።

ለክረምት የተዘጋጀ አካል ያለው መጽሐፍ በዚሁ አገር ሲሠራ ኖሯል። በእጅ የተጻፈው የብራና ዳዊት ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ብራና መጽሐፍ ሲወራ የሚወሳው ዕድሜው፣ ቅድስናው ወይም ሥዕሉ ነው። እኔ ግን እንደ ዕቃ፣ በእጅ ተይዞ እንደሚገለጥ ሥራ ልመለከተው እፈልጋለሁ። እንዲህ ሲታይ ብራና ፋቂው፣ ቁም ጸሐፊውና ጠራዡ ከዝናቡ፣ ከብርዱ፣ ከጨለማውና ከአንባቢው ጉልበት ጋር ተማክረው የሠሩት መሆኑ በየክፍሉ ይገለጣል።

በቤተሰባችን ዘንድ ከፋርጣ የመጣች አንዲት ዳዊት አለች። ሥዕል የላትም። ቁመቷ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም፤ ውፍረቷ አራት ጣት ይሆናል። በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ ብትቀመጥ ጎብኚ ቆሞ የሚያያት ዓይነት አይደለችም። ያደነቅኋትም ቀስ በቀስ፣ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ እየጠየቅሁ ነው።

ከማኅደሯ ልጀምር። ማኅደሩ ወፍራም የከብት ቆዳ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው። ታችኛው መጽሐፏን ልክክ አድርጎ ይይዛል፤ ላይኛው ክዳን ሆኖ ይወርድበታል፤ ክዳኑ በማንገቻው ጠፍር ላይ ሽቅብና ቁልቁል ይንሸራተታል እንጂ ፈጽሞ ተለይቶ አይጠፋም። ስፌቱ ከውጭ አይታይም፤ ወደ ላይ የሚያይ፣ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ካህኑ በዝናብ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በጋቢው ሥር ያነግተዋል። ቤት ሲገባ ደግሞ በግድግዳው ላይ ከተተከለው እንጨት ያንጠለጥለዋል፤ ከመሬቱ ርጥበትና ከአይጥ ይርቃል፤ የምድጃው ጢስም ብል እንዳይደፍረው ይረዳል።

የማኅደሩ ልክ መሆን ለማማር ብቻ አይደለም። ብራና ቆዳ ነው፤ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጨማደዳል፣ ወደ ቀድሞ ፍየልነቱ ሊመለስ ይታገላል። የአውሮፓ ጠራዦች ይህን ለመግታት በሽፋኑ ጫፍ ላይ የናስ ወይም የብረት መቆለፊያ ያደርጉ ነበር። የእኛ ጠራዥ ያን አላደረገም። ሁለቱን የእንጨት ገበታዎች በጠባብ ማኅደር ውስጥ አስገብቶ ቆዳው በቆዳ እንዲታሠር አደረገ። መጽሐፏን ከማኅደሯ ለማውጣት ትንሽ መታገል ያስፈልጋል፤ ያ ትግል ሥራው ትክክል መሆኑን ያሳያል። በቀላሉ የሚወጣ መጽሐፍ በክረምት አፉን ከፍቶ የሚቀር መጽሐፍ ነው።

ገበታዎቹ የዋንዛ ናቸው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመጥረቢያ ይገዛል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። የፊተኛው ገበታ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ተሰንጥቋል። ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቶ በአዲስ ይተካው ነበር፤ የዚህችን ዳዊት ገበታ ግን ሰፉት። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተበስተው ጅማት ተላልፎባቸዋል፤ እንጨቱ እንደተሰፋ ዛሬም ጸንቶ አለ። እንዲህ ያለ የተሰፋ ገበታ በብራና መጻሕፍት ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ እኔ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። የሠሪውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ያሳያልና፤ መጽሐፉ እንዲሰበር ታስቦ ባይሠራም፣ ሲሰበር በማንኛውም ቤት በሚገኝ ወስፌና ጅማት እንዲጠገን ተደርጎ ተሠርቷል።

ስፌቱ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቅጠሎቹ በየስምንት ወይም በየአሥር ሆነው ተጣጥፈው ጥራዝ ይሆናሉ። ጠራዡ የእያንዳንዱን ጥራዝ ማጠፊያ በሁለት ጥንድ ቀዳዳ ይበሳና ክሩን ያስገባል፤ ሲወጣ ከቀደመው ጥራዝ ክር ሥር አሹልኮ ይመልሰዋል። እንዲህ እያለ ጥራዙን ከጥራዝ፣ በመጨረሻም ከገበታዎቹ ጋር ያያይዛል። ጀርባው ቆዳ ባልለበሰ መጽሐፍ ላይ ይህ ስፌት እንደ ሹሩባ ጎልቶ ይታያል። በጥንት የግብፅ ክርስቲያኖች መጻሕፍት ላይ የሚገኘው አሰፋፍ ከዚህ ጋር ወንድማማች ነው፤ ሌላው ዓለም ሲተወው እዚህ ቀጠለ። ጀርባውን የያዘው ሙጫ ስላልሆነ የሚለቅ ነገር የለም። ዳዊቷን የትም ቦታ ብትገልጧት ጠፍጣፋ ሆና ትዘረጋለች፤ ልዝጋ ብላ አትታገልም። ጉልበት ላይ ተቀምጣ ራሷን ችላ ትገለጣለች። አንባቢው አንድ እጁን ብቻ ለገጽ መግለጫ አውጥቶ ሌላውን ጋቢው ውስጥ ማቆየት ይችላል። በሐምሌ ሌሊት፣ በጉና ሥር፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ገበታው ላይ የለበሰው ቡናማ ቆዳ ድጉስ ነው። ወርቅ የለበትም፤ የጋለ ብረት በቆዳው ላይ ተጭኖ የቀረ መስመር፣ ነጥብና መስቀል ብቻ ነው። መስመሮቹ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ እየሆኑ ወደ መሃል ይጠባሉ። ደጓሹ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ብረቱን እንዴት እንዳዞረ ማየት የሚወድ ሰው አራቱንም ማዕዘኖች ያነጻጽር፤ በአንደኛው ትንሽ ተሳስቷል፣ በሁለተኛው አርሟል፣ በቀሩት ሁለቱ እጁ ጸንቷል። ገበታው ሲገለጥ በውስጥ በኩል የቆዳው እጥፋት መሃሉን ክፍት ይተወዋል፤ በዚያ ክፍት ቦታ ላይ አበባ ያለበት ቀይ ጨርቅ ተለጥፏል። እንዲህ ያለው ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ በነጋዴ የመጣ ነበር። ማኅደር ውስጥ፣ በገበታ ውስጥ፣ ባለቤቱ ብቻ በሚያየው ቦታ ላይ ከቤቱ ሁሉ የደመቀው ጨርቅ ተቀምጧል።

ወደ ቅጠሎቹ እንግባ። ብራና መፋቅ የበጋ ሥራ ነው፤ በመወጠሪያ ላይ ያለ ቆዳ ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል። የክረምቱ መጽሐፍ የሚጀመረው እንግዲህ በበጋ ነው። የፍየሉ ቆዳ ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ተወጥሮ የሥጋው ወገን ይፋቃል፣ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ይደርቃል፤ ዞሮ ጠጉሩ ይነሣለታል። ኖራ አይገባበትም። በሌላው አገር ጠጉሩን ለማላቀቅ ቆዳውን በኖራ ውሃ ያቆዩታል፤ እዚህ ጠጉሩን የሚያነሣው ስለትና ክንድ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ብራና ጠንከር ይላል፣ የጠጉሩ ሥር ነጥቦችም ብዙ ጊዜ አይጠፉም። በዳዊቷ ላይ በአንዳንዱ ገጽ ጠርዝ እነዚያን ነጥቦች በጣት መዳሰስ ይቻላል።

የጠጉሩ ወገን ቢጫ ይላል፤ የሥጋው ወገን ይነጣል። ጸሐፊው ቅጠሎቹን ሲያጣጥፍ የጠጉር ወገን ከጠጉር ወገን፣ የሥጋ ወገን ከሥጋ ወገን እንዲገጣጠም አድርጓል፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ሁለቱ ትይዩ ገጾች አንድ መልክ አላቸው። አንዱ ግልጥ ቢጫ፣ ቀጣዩ ነጭ፣ ደግሞ ቢጫ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ማንም አንባቢ አያስተውለውም፤ ነገር ግን ዓይኑ ከግራ ገጽ ወደ ቀኝ ሲሻገር አይደናቀፍም።

አንድ ቅጠል ላይ ሞላላ ቀዳዳ አለ። ሲፋቅ ስለት ነክቶት ሲወጠር የሰፋ ነው። ብራና ውድ ስለሆነ አልተጣለም፤ ጸሐፊው ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ቃሉን ከፍሎ ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ ጻፈው። በቀዳዳው ውስጥ ከኋላው ገጽ አንድ ቀይ ፊደል ይታያል። ሌላ ቅጠል ላይ ደግሞ ቀዳዳው ከመወጠሩ በፊት ተሰፍቷል፤ ጠባሳው ከመስመሩ በታች ስለወደቀ ጽሕፈቱን አልነካውም። ጸሐፊው ቅጠሉን ሲቆርጥ ጠባሳውን ወደ ኅዳግ ለመግፋት እንዳሰበበት እርግጠኛ ነኝ።

የታችኛው ኅዳግ ከላይኛው ይሰፋል። መጽሐፍ በእጅ ሲያዝ አውራ ጣት የሚያርፈው እዚያ ነው፤ እርጥብ ወይም ቅባት የነካው ጣት መጀመሪያ የሚያገኘው ባዶ ብራናን ነው እንጂ ፊደልን አይደለም። መስመሩ በቀለም አልተሰመረም። ጸሐፊው በቅጠሉ ጠርዝ ላይ በወስፌ ጫፍ ነጥብ ነጥብ እየወጋ ለካ፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ በደነዘዘ ብረት ጫን ብሎ አሰመረ። ይህ መስመር በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ማታ ግን ጧፉ ከጎን ሲሆን እያንዳንዱ ስምረት የራሱን ጥላ ይጥላል፤ ገጹ በሙሉ ሥርዓቱን ያወጣል። ጸሐፊው እኩል የሆነ እጁን ያገኘው ከየት እንደሆነ የሚታወቀው በክረምት ምሽት ነው።

ጥቁሩ ቀለም ከምጣድና ከድስት ሥር ከሚፋቅ ጥላሸት ይጀምራል። የተቆላ እህል፣ ቅጠላ ቅጠልና የዛፍ ሙጫ ይገባበታል፤ ለወራት ይብላላል፤ እየተወቀጠና እየተበጠበጠ ይጠራል። አውሮፓውያን ለዘመናት የጻፉበት ከብረት ንጥረ ነገር የሚሠራው ቀለም በጊዜ ብዛት እየወየበ የተጻፈበትን ቅጠል የሚበላበት ጊዜ አለ። የጥላሸት ቀለም እንዲህ አያደርግም፤ ብርሃን አያደበዝዘውም፣ ብራናውንም አይጎዳውም። ድካሙ አንድ ነው፤ ውሃ ይፈራል። በዳዊቷ መካከል የሆነ ክረምት ላይ ከጣራ የወረደ ጠብታ ያገኘው ገጽ አለ፤ ሦስት ቃል ፈዞ ግራጫ ሆኗል። ሌላ የነካው ውሃ የለም። ድርቡ ማኅደር፣ ከግድግዳ መንጠልጠሉ፣ በጋቢ ሥር መነገቱ ሁሉ ለዚህ አንድ ድካም የተሰጠ መልስ ነው፤ ቀለም በጥባጩና ማኅደር ሰፊው አንዱ የሌላውን ሥራ አውቀው ሠርተዋል።

ፊደሉ ቁም ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወፍራም ነው፣ እግሩ እኩል ነው። ጸሐፊው የሚጽፈው በመቃ ብርዕ ስለሆነ ወደ ታች ሲጎትት ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲያልፍ ይቀጥናል። ሁለት ብርዕ፣ ሁለት የቀለም ቀንድ አለው፤ አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለቀይ። ቀዩ ለመዝሙሩ መግቢያ፣ ለቁጥሩና ለቅዱሳት ስሞች ነው። በጧፍ ብርሃን ክንድ ሙሉ አርቆ የሚያነብ ሽማግሌ ይህን ፊደል አይስተውም። የዛሬ ኪስ ዳዊት በደቃቅ ፊደል ሲታተም ሳይ ስንት ገጽ እንደተቆጠበ ይገባኛል፤ ግን ርካሽ መሆኑ ስንቱን ቤት ዳዊት እንዳስገባ ስለማውቅ አልነቅፈውም።

የዳዊት ጸሐፊ ከሌላ መጽሐፍ ጸሐፊ የሚለይበት ከባድ ፈተና አለ። መዝሙሩ በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ መስመር መጀመርና ማለቅ አለበት። ስንኞቹ ግን እኩል አይደሉም። አጭሩ ቀላል ነው፤ በነጥብ ይዘጋና ክፍት ቦታ ይተዋል። ረጅሙ ሲመጣ ነው እጅ የሚታወቀው። የእኛ ዳዊት ጸሐፊ ረጅም ስንኝ እንደሚመጣ ከመስመሩ መጀመሪያ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ፊደሎቹን ገና ከመነሻው ጥቂት ጥቂት ያቀራርባቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ሳያጨናንቅ ይደርሳል። ፈጽሞ የማይበቃ ሲሆን ትርፉን ሁለት ሦስት ፊደል ከመስመሩ በላይ በቀኙ ጫፍ አስቀምጦ በትንሽ ምልክት ያስረዋል። አዲስ ጸሐፊ ይህን የሚያውቀው መስመሩ ካለቀበት በኋላ ነው፤ የዚህኛው ሰው ጽሕፈት ዳዊትን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ጽሕፈት ነው። መዝሙር 135 ላይ ደግሞ በየስንኙ የሚመላለሰውን ሐረግ አንድ ጊዜ ሙሉውን ይጽፍና ከዚያ በኋላ በአጭሩ እየጻፈ፣ ከስንኙ ነጥሎ በቀኝ በኩል አንዱን ከአንዱ ሥር ይደረድረዋል። ገጹ በድንገት ሁለት ዓምድ ይመስላል፤ መሪና ተቀባይ ፊት ለፊት የቆሙ ያህል ዓይን አስቀድሞ ዜማውን ያየዋል።

በየአሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይፈጸማል፤ እዚያ ላይ ቀይና ጥቁር ነጥብ የተፈራረቀበት መስመር ገጹን ይሻገራል። በእነዚህ ቅጠሎች የውጭ ጠርዝ ላይ ትንሽ ባለቀለም ክር ተሰፍቶ ወጣ ብሏል። ዛሬ የት እንደሚጀመር ለመፈለግ ብርሃን አያስፈልግም፤ ጣት ክሮቹን እየቆጠረ ሄዶ ያገኘዋል። ገና ጧፉ ሳይበራ መጽሐፉ በቦታው ተገልጦ ይጠብቃል።

ከመዝሙራቱ፣ ከነቢያት ጸሎትና ከመኃልየ መኃልይ በኋላ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይመጣሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ገጹን ይለውጠዋል፤ አንዱ ዓምድ ሁለት ይሆናል፣ ፊደሉ ትንሽ ይደቃል። ውዳሴ ማርያም ስንኝ በስንኝ የሚሄድ ሳይሆን የሚፈስስ ንባብ ነውና ጠባቡ ዓምድ ይስማማዋል። የዳዊቷ እጅግ የጠቆሩት ገጾች እነዚህ ናቸው። የታችኛው ኅዳግ በአውራ ጣት ብዛት ቆዳ መስሏል፤ የሰም ጠብታ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም በየቤተ ክርስቲያኑ ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል፤ ሱባኤ የገባው ሁሉ ይህን ይዞ ይቆማል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ከተማዋ ስሙን የተጋራችው የደብረ ታቦር በዓል። ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ሙልሙል የሚሰበስቡበት ሳምንትና መጽሐፏ እጅግ የምትደክምበት ሳምንት አንድ ነው። የክረምት መጽሐፍ ያልኩት በምኞት አይደለም፤ ቆሻሻው ራሱ ይመሰክራል።

ትንሿን ዳዊት አወደስኩ፤ ግን በዚሁ አገር ሌላ የእጅ ሥራ ሳልጠቅስ አላልፍም። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ በዝማሬና መዋሥዕት ትታወቃለች። የድጓ ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ መማር የቆየ ልማድ ነው። ድጓ ከዳዊት የተለየ ጥበብ ይጠይቃል፤ ከእያንዳንዱ የንባብ መስመር በላይ የዜማው ምልክት በደቃቅ ፊደል ይቀመጣልና። እነዚህን ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደደረሷቸው ይተረካል። ጸሐፊው ብራናውን ሲያሰምር አስቀድሞ ለማይጻፈው፣ በኋላ ለሚመጣው ምልክት ቦታ መተው አለበት። ብዙ ከተወ ገጹ ይላላል፤ ጥቂት ከተወ ምልክቱ ከላይኛው መስመር እግር ጋር ይጋጫል። ጥሩ ድጓ ላይ ሁለቱ ጽሕፈቶች፣ ወፍራሙና ደቃቁ፣ ሳይነካኩ ከገጹ አናት እስከ ግርጌ አብረው ይወርዳሉ። የክረምቱ ድጓ ከሰኔ 26 ጀምሮ የሚዘመረው ስለ ዘርና ደመና፣ ስለ መብረቅና ነጎድጓድ፣ በነሐሴም ስለ ቁራ ጫጩቶች ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ በጎጆው ውስጥ ስለ ዝናብ ያዜማል፤ ዝናቡ በጣራው ላይ ይወርዳል።

ሰው የደብረ ታቦርን ጥበበ እድ ሲያነሣ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ጋፋትና እዚያ ስለ ቀለጠው የሴባስቶፖል መድፍ ነው። ተገቢም ነው። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ከመድፉ ሌላ ትልቅ ሀብት ነበራቸው፤ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው አብዛኛውን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጫነው። ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍት የእንግሊዝ ሙዚየም ገቡ፤ ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር አንድ በአንድ ተመዝግበዋል። ዛሬ በለንደን ሙቀቱና ርጥበቱ በተለካ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። መድፉ አገር ቤት ቀረ፤ መጻሕፍቱ ሄዱ። ማራኪዎቹ የትኛው ሥራ እንደሚበልጥ አውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ። መመለሳቸውን ከሚመኙት አንዱ ነኝ፤ ለክብራችን ብቻ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለው ሥራ ከሚሠሩት እጆች አጠገብ ሲሆን ስለሚያስተምር። ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ ከመጽሐፍ ተቀድዶ ለጎብኚ የሚሸጥ ነጠላ ቅጠል። የተቀደደው ቅጠል የተጣጠፈበትን ጥንዱን ከስፌቱ ያላቅቀዋል፤ የገዛው ሰው አንድ ገጽ ሲያገኝ መጽሐፉ ሁለት ቅጠል ያጣል።

ወደ ዳዊቷ ልመለስና እጅግ የማደንቀውን ሥራ ላሳይ። ከመሃሏ በኋላ አንድ ጥራዝ የሌላ ሰው ጽሕፈት ነው። የቀድሞው ጠፍቶ ወይም ተበላሽቶ ሌላ ጸሐፊ ተክቶታል። ፊደሉ ትንሽ ይወፍራል፤ ጥቁሩ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ብራናውም ያን ያህል አልሳሳም። ይህ ሁለተኛ ሰው የገጠመውን ችግር አስቡት። የእርሱ ጥራዝ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጸሐፊ ስንኝ ካቆመበት ነው፤ የሚያበቃውም ቀጣዩ አሮጌ ጥራዝ ከሚጀምርበት ስንኝ በፊት መሆን አለበት። አንድ ስንኝ ቢያተርፍ ይደገማል፤ አንድ ቢያጎድል ጸሎት ይጎድላል። የጠፋው ጥራዝ በእጁ የለም፤ ስለዚህ የቀሩትን ገጾች መስመር ቆጥሮ የራሱን በዚያው ልክ አሰመረ። አጻጻፉ ወፍራም ሆኖ ሳለ ረጃጅሞቹን ስንኞች በመስመራቸው ውስጥ አስገብቷል፤ ትርፉን ወደ ላይ ያወጣው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ስሌቱ በአንድ መስመር ተረፈው። ያን መስመር ባዶ አልተወውም፤ ንጉሥ ሲፈጸም እንደሚደረገው በቀይና በጥቁር ነጥብ ሞላው፤ ምንም እንኳ እዚያ ላይ የሚፈጸም ንጉሥ ባይኖርም። መዝሙሩን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነጥቡን አይቶ ለምን እዚህ ሊል ይችላል። የሚያነብ ሰው ግን ገጹን ይገልጥና ቀጣዩን ስንኝ በመጀመሪያው ጸሐፊ እጅ ያገኘዋል።